የጋሽ መዳፍ ቀኝ እጅ

ሥራ ላይ ሁሉም ሰው ጋሽ መዳፍ ነው የሚለው። የተጠመቀበትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ሲለስን ኖሯል፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ግን በልስን አይደለም፣ የሚለስንማ ሞልቷል። ያገኘው ልስኑ ደርቆ ቀለም ቀቢዎቹ ከመግባታቸው በፊት በሚሠራው ሥራ ነው። ዓይኑን ይጨፍንና ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እየዳበሰ ይሄዳል። ጉብታ ወይም ጎድጓዳ ካገኘ ቆም ብሎ በእርሳስ ክብ ያደርግበታል። ካላገኘ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግድግዳውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል። ያ ሁለት ምት ሳይሰማ ብሩሹን ቀለም ውስጥ የሚነክር ቀቢ የለም። ይህን ሕግ አድርጎ የጻፈው ሰው ባይኖርም፣ መሐንዲሱ ፈርሞበት እንኳ ፎርማኑ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጋሽ መዳፍ መታው ወይ ብሎ ነው።

ስለዚህ ሰውየው ትንሽ ጎረር ቢል አይፈረድበትም።

ኪንታሮቱ መጀመሪያ የወጣው በግራ እጁ አውራ ጣት ላይ ነበር። ሲሚንቶ የበላው ቆዳ መስሎት ናቀው። በዓመቱ ሰባት ሆኑ፤ አራቱ ግራ እጁ ላይ፣ ሦስቱ ደግሞ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ቀኝ መዳፉ ላይ፣ ከጣቶቹ ሥር ካለው ሥጋ ላይ ሰፈሩ። ከመድኃኒት ቤት የሚያቃጥል ፈሳሽ ገዝቶ ቀባቸው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ኪንታሮት የሚያደርቅ ቀዝቃዛ ጋዝ አስረጭቶ በብርድ አስመታቸው። ሄዱ ሲባል ዘመድ ጠርተው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተዋቸውና፣ ሰላም የሚለው ሰው ሲያጋጥመው እጄ ሲሚንቶ ነክቷል እያለ የእጁን አንጓ መስጠት ጀመረ። ታጥቦ ተለቃልቆ ወደ ቤቱ ሲሄድም እጁ ሲሚንቶ እንደነካ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአዲሱ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ነው። ግድግዳውን የለሰነው ሰንደቅ ነበር። ሰንደቅ የሚሉት ቁመቱ የባንዲራ ምሰሶ ስለሚያክል ነው፤ ኮርኒስ የሚለስነው ያለ መሰላል ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ከጋሽ መዳፍ ጋር በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን የበሉ ሰዎች ናቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ጋሽ መዳፍ በሰንደቅ ግድግዳ ላይ እርሳስ ያሳረፈው ከአምስት ጊዜ አይበልጥም።

የዚያን ቀን እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዳብስ ትከሻ ከፍታ ላይ ጉብታ አገኘና በእርሳስ ክብ አደረገበት። ሰንደቅ ፍቆ እንደገና ለሰነው። ሲደርቅ ጋሽ መዳፍ መጣ፤ ጉብታው አሁንም አለ፣ ትንሽ ወደ ግራ ሸሸት ብሎ። ሰንደቅ ደግሞ ሠራው። በሦስተኛው ጊዜ ሁለት ጉብታ ሆነ።

ሰንደቅ ባለ ሦስት ሜትሩን የአሉሚኒየም ማስመሪያ አምጥቶ ግድግዳው ላይ አጋደመና ከኋላው አምፖል አበራ። በማስመሪያውና በግድግዳው መሃል ጭላንጭል እንኳ አላለፈም። መጥቶ እንዲያይ ጋሽ መዳፍን ጠራው። ጋሽ መዳፍ ግን አላየም፤ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ አሉሚኒየም ስሜት የለውም አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ሰንደቅ አልሳቀም።

«ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው» አለ። «ከአሁን በኋላ አልነካውም።»

መሣሪያውን ውሃ ባልዲው ውስጥ ጥሎ ወጣ። ፎርማኑ ሃያ ስድስት ዓመት የታመነውን መዳፍ ትቶ ማስመሪያ ማመን ቢከብደው፣ ሰንደቅን ወደ ውጭው አጥር ላከው። የውጭ አጥር ማለት አሸዋና ሲሚንቶ እየወረወሩ የሚለጥፉበት፣ ትናንት ሥራ ለጀመረ ሰው የሚሰጥ ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ በር ጋ ይቀመጣል፣ አንዱ የአሸዋው ክምር ጋ። ሌሎቹ ግድግዳዎች አንድ በአንድ ነጭ ሲሆኑ የሰንደቅ ግድግዳ ብቻ በእርሳስ ክቦቹ እንደ ተዥጎረጎረ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

በሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ጋሽ መዳፍ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆሞ ሚስቱ ውጭ ልብስ ስታሰጣ ያያል። እጁ ልማድ ሆኖበት መስታወቱ ላይ አረፈ፤ ዓይኑም ልማድ ሆኖበት ተጨፈነ። መዳፉን ጎትት ሲያደርግ ጉብታ አገኘ። ዓይኑን ገለጠ። መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ ማዶ ሚስቱ በአንሶላው ላይ መቆንጠጫ እያደረገች ነው። ደግሞ ጨፈነ፤ ጉብታው አለ። መስታወት ላይ ጉብታ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ታዲያ ግድግዳው? እጁ መስታወቱ ላይ ስለዋሸ ግድግዳውም ላይ ዋሽቷል ማለት ነው? ወይስ መስታወቱ ላይ ዋሽቶ ግድግዳው ላይ እውነት ተናግሯል? ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ፤ ውሉ ጠፋበት። ማስመሪያውን ሄዶ እንዳያይ፣ አሉሚኒየም ስሜት የለውም ብሏል። ሰንደቅ ዘንድ ሄዶ እንዳይናገር፣ ምን ብሎ ይናገራል፣ አላውቅም ብሎ? ፎርማኑ ደግሞ ሰኞ ዕለት ጠርቶት ቁርጡን ነገረው። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት አራት ወር ቀርቶታል። እስከዚያ ግድግዳውን ወይ ይመታዋል፣ ወይ አስፈርሶ ያሠራዋል፤ ሁለቱም ካልሆነ ከእንግዲህ በማስመሪያ ነው የምንሠራው፣ እርስዎም ዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጣሉ አለው። ከመዳፉ ሌላ ሀብት ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ንግግር አይደለም።

ለሚስቱ የነገራት ስለ መስታወቱ ብቻ ነው። ስለ ሰንደቅ አልነገራትም። እሷም ቀጥ ብለህ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ አለችው።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ከትልቋ ልጁ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። እጆቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ እስካሁን ያደረገውን ሁሉ ሰምታ፣ ችግሩ ኪንታሮቱ ሳይሆን ሰውነቱ ኪንታሮቱን አለማወቁ እንደሆነ ነገረችው። ቫይረሱ የሚኖረው ከላይ ከላይ፣ ቆዳው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሆነ የሰውነት ዘበኞች አላዩትም አለችው።

«ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ጉብ ብሎ እኔ እያየሁት ሰውነቴ እንዴት አላየውም?» አላት።

እርስዎ ያያሉ፣ ሰውነትዎ ግን አላየም ብላ መለሰችለት። ይህን ሲሰማ ጭራሽ ዞረበት። እሱና ሰውነቱ ሁለት ሰው መሆናቸውን እስከዛሬ የነገረው የለም።

ከዚያ ስለ እርሾ አነሣች። የዳቦው እርሾ አይደለም፣ ግን የሩቅ ዘመዱ ነው፤ የሰው ሁሉ አፍና ቆዳ ላይ የሚኖር ነው፤ ሰውነት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከሱ ተጨምቆ የተሠራ፣ ሕይወት የሌለው ፈሳሽ አለ፤ ለቆዳ ምርመራ የሚያገለግል። እሱን ኪንታሮቱ ሥር ሲወጉት ዘበኞቹ የድሮ ጠላታቸው የመጣ መስሏቸው ከያሉበት እየሮጡ ይመጣሉ። በዚያ ግርግር መሃል አጠገቡ የተሸሸገውን ቫይረስ ያገኙታል። አንዴ መልኩን ካወቁ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለውንም ፈልገው ያጠፉታል ብለን እናስባለን አለችው። ጋሽ መዳፍ ያየው እርሾ ሊጥ ሲያነሣ ብቻ ስለሆነ፣ እጁ ድስት አክሎ ሲነፋ ታየው።

«ዘበኞቹ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው መንገዱን በምን ያውቁታል?»

«እሱን እኛም በደንብ አላወቅነውም» አለች። «በብዙ ሰው ላይ ሠርቷል፤ በሁሉም ላይ ግን አይሠራም። መጀመሪያ ክንድዎ ላይ ትንሽ ወግተን ሰውነትዎ እርሾውን የሚያውቀው መሆኑን እንይ።»

ሐኪም አላወቅነውም ስትል ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። እሱ የማያውቀውን ከማመን ይልቅ ግድግዳ ሲያስፈርስ የኖረ ሰው ነውና፣ ያክብራት ወይስ ትቷት ይውጣ ግራ ገባው። በዚህ መሃል አንዲት ነርስ መጥታ ግራ ክንዱን ወጋችው፤ በሁለት ቀኑ ተመልሶ እንዲመጣና እንዳያከው ነገረችው። እሱ የሚያየው መርፌውን ስለነበር የቀረውን ልብ አላለውም።

ልብ ያለው ሌላ ነገር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ግንባታ ላይ ሲቀጠሩ፣ የሳንባ በሽታ ምርመራ ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ በተራ ክንዱን ተወግቶ ነበር። ክንዱ ያላበጠው ሥራ ገባ። ያበጠው ራጅ ተነሣ ተብሎ ሲመላለስ ሥራው አለቀ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጋሽ መዳፍ አንድ ነገር ያውቃል፤ ክንድ ላይ የሚወጋ መርፌ ካበጠ ወደቅህ፣ ካላበጠ አለፍክ።

በማግስቱ ጠዋት ሲነሣ ክንዱ ላይ የካፖርት ቁልፍ የሚያክል ቀይ እብጠት ተኮፍሷል። ያሳክካል፤ ሲዳብሱት ጠጠር ይላል። እንደ ግድግዳ ቢሆን በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ሄደት መለስ ቢልበት ያልቅለት ነበር። ሚስቱ ገበያ ነበረች። መደርደሪያው ላይ የሳሙና ቁጣ ሲያሳክካት እጇን የምትቀባው ቅባት አለ፤ ቀይ ነገር ላይ ሲያደርጉት ከሰም እንደሚያደርግ ብዙ ጊዜ አይቷል። አንሥቶ ክንዱን ለቀለቀበት። ልስን ቶሎ እንዳይደርቅ በፕላስቲክ መሸፈን የሥራው ወግ ስለሆነ፣ የዳቦ ከረጢት ቀደደና ክንዱን ጠቀለለው። እስከ ቀጠሮው ድረስ ስድስት ጊዜ ቀባ። ነርሷ ዘንድ ሲቀርብ ክንዱ እንደ ኮሪደር ግድግዳ ለጥ ብሏል።

ነርሷ ማስመሪያዋን ይዛ ዳበሰችው፤ ገልበጥ አድርጋ በብርሃን አየችው፤ ምንም የለም ብላ ጻፈች። ጋሽ መዳፍ ደረቱን ነፋ። ሐኪሟ ወረቀቱን ስታይ ግን ቅር አላት። ሰውነትዎ እርሾውን አላወቀውም፤ ስለዚህ መርፌው ለእርስዎ የሚሆን አይመስለኝም፤ እንደገና በብርድ እንሞክር ይሆናል አለችው።

«ካላበጠ አላለፍኩም እንዴ?» አላት።

«እኛ የምንፈልገው ማበጡን ነበር።»

ወጥቶ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ያያል፣ ግን አያይም። ማበጥ ደግ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሃያ ስድስት ዓመት እብጠት ሲያሳድድ ኖሮ፣ ዛሬ ያባረረው እብጠት እሱን ሊያድነው የመጣ ኖሯል። አብጦ ነበር እንዳይላት፣ አጭበርባሪ ሊባል ነው። ዝም እንዳይል፣ መዳፉ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው። ቅስሙ ተሰብሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ የተጨመቀውን የቅባት ቱቦ ይዛ ጠበቀችው። ይሄን ያህል ቅባት ምን በላው ብላ ጠየቀችው። መቼም ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ሁሉንም ዘረገፈላት። አንዴ ከጀመረ ስለ ሰንደቅም፣ ስለ ግራጫው ግድግዳም፣ መስታወቱን ካየ በኋላ አፉን መያዙንም ነገራት። እሷ ስለ ቅባቱ ከት ብላ ሳቀች። ስለ ሰንደቅ ስትሰማ ግን ሳቋ ቆመ።

«የራስህን እብጠት ባየህ ቁጥር ትሸፍናለህ ማለት ነው» አለችው። ነገ ጠዋት ሄደህ ለሐኪሟ ንገራት፤ ለሰንደቅም ንገረው አለችው። ጋሽ መዳፍ የመጀመሪያውን እሺ አለ። ስለ ሁለተኛው መጀመሪያ እጄን ልመነው ብሎ ለመናት።

ሐኪሟ ታሪኩን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፤ ሳቋን ለመደበቅ ነው። ከዚያ በቀኝ ክንዱ አስወጋችውና፣ ቅባት የሚባል ነገር እንዳይጠጋው አስጠነቀቀችው። በሁለት ቀኑ ክንዱ ላይ የድሮው ቁልፍ ተመልሶ ጉብ አለ። ነርሷ ስትለካው ጋሽ መዳፍ ባበጠ ነገር ሲኮራ በዕድሜው የመጀመሪያው ሆነ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። መርፌው የሚወጋበት ቀን ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ቀረበ። ሐኪሟ ግን ግራ እጁን ሳበችና የአውራ ጣቱን ኪንታሮት፣ ትልቁንና የመጀመሪያውን፣ ማጠብ ጀመረች። የሚያስቸግረኝ ቀኙ ነው አላት። አውቃለሁ አለች። ሰባት አሉኝ አላት። እሱንም ቆጥሬያለሁ አለችና ወጋችው። እንደ እሱ አስተሳሰብ፣ የምድር ቤቱ ልስን ሲፈነቀል አንደኛ ፎቅ ወጥቶ የሚለስን ሰው ይሳቅበታል እንጂ ብር አይከፈለውም። ማታውን ጣቱ አብጦ ጠዘጠዘው፤ አልነካውም።

በየሦስት ሳምንቱ ተመላለሰ። ሁለተኛው መርፌ አልፎም ሰባቱ ኪንታሮቶች እንዳሉ ነበሩ፤ እንዲያውም ወፈር ያሉ መሰለው። ግራጫውን ግድግዳ ላለማየት በጓሮ በር መግባት ጀምሮ ነበር። እዚያ ደግሞ አጥሩን የሚለጥፈውን ሰንደቅን ያገኘዋል። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። አንድ ቀን ሰንደቅ የጀመረው አጥር ላይ የጋሽ መዳፍ ዓይን አረፈ፤ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የውጭ አጥር እንደ ሳሎን ግድግዳ ለጥ ብሎ ተለስኗል። አንጀቱን በላው። ሄዶ ሊያናግረው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ምን እንደሚል ስላላወቀ ተመለሰ።

ሦስተኛው መርፌ ካለፈ በኋላ የአውራ ጣቱ ኪንታሮት ጠቆር ብሎ መርገፍ ጀመረ። ይህስ ይሁን፣ የተወጋው እሱ ነው። ግን በሌላው ሳምንት እጁን ሲታጠብ ቀኝ መዳፉን አየ። ሦስቱም ቀልጠው፣ ከሦስት ነጣ ያሉ ምልክቶች በቀር ምንም የለም። መርፌ ያልነካው፣ ሐኪሟ ዘንድ ከሄደ ወዲህ ማንም ያልቀባው፣ ማንም ያላቃጠለው ቀኝ መዳፉ። ሚስቱን ጠራና አሳያት። መስኮቱ ጋ ሄዶ ዓይኑን ጨፍኖ መስታወቱን ዳበሰ። መስታወት ነው። ደግሞ ዳበሰ፤ መስታወት ነው። እንዴት እንደሆነ አሁንም አልገባውም። ሐኪሟን ሲጠይቃትም ደስ ብሏት ያንኑ የዘበኞቹን ታሪክ ደገመችለት፤ እሱም ያንኑ ያህል ግራ ተጋባ።

በማግስቱ በዋናው በር ገባ። ቀቢዎቹ ኮሪደሩ ውስጥ ባልዲዎቻቸውን ደርድረው፣ ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ጋሽ መዳፍ ማንንም ሳያናግር ዓይኑን ጨፍኖ ከበሩ ጀመረ። የእርሳስ ክቦቹ ያሉበት ሲደርስ ቀስ አለ፤ አለፈ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ አለፈ። ጉብታ ቢያገኝ እንዴት ደስ ባለው። ምንም የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ መጨረሻው ላይ ሲቆም ሁሉም ሁለቱን ምት ይጠብቃል። እጁን አነሣ፤ መልሶ አወረደው። ይሄን ግድግዳ የመምታት መብት የለኝም ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ፎርማኑና ቀቢዎቹ ምን እንደነካው ሳይገባቸው እስከ በሩ ተከተሉት።

ሰንደቅ አጥሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ሲሚንቶ ያቦካል። ጋሽ መዳፍ ፊቱ ቆመ።

«ግድግዳህ ቀጥ ያለ ነበር» አለው። «ጉብታው እኔ እጅ ላይ ነበር።»

ሰንደቅ ቀና አለ። ቀና ሲል ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል።

«መቼ አወቅህ?»

«ዛሬ አወቅሁ። የጠረጠርኩት ግን አንተ አጥር በመጣህ በሳምንቱ ነው።»

«ሦስት ወር ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«ክንዴ ላይ ያበጠውንም እንዲሁ ነው የደበቅሁት» አለ ጋሽ መዳፍ። ሰንደቅ ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባውም። ጋሽ መዳፍም ራሱ ደህና አድርጎ ያስረዳ አልመሰለውም። እጁን ለሰላምታ ሲሰድ ልማድ ሆኖበት ጣቶቹን አጥፎ አንጓውን ሰጠ።

ሰንደቅ የተሰጠውን አንጓ ያዘ። ከዚያ እጁን ገለበጠው፤ የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ዓይኑን ጨፈነ። በሲሚንቶ በሻከረ መዳፉ የጋሽ መዳፍን መዳፍ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ቀስ ብሎ ዳበሰው፤ ሦስቱ ምልክቶች ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ አለፈ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

በሩ ላይ የቆሙት ቀቢዎች ድምፁን ሰምተው ብሩሻቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ገቡ።